መንኮራኩሩን ማን ሠራው

ስለ ዘውገ እሸቴ መልካም እንድናገር የምትጠብቁ ካላችሁ ቆዩ፤ መጀመሪያ የምናደድበትን ልናደድ። እኔ ፈንታነሽ ማሩ ነኝ፤ የቀጥቃጩ የማሩ ልጅ፣ የሞላ ታላቅ እህት። እናታችን ሞላን ጡት ሳታስጥለው ስለሞተች በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በእሱ የመጣ በዓይኔ የመጣ ነው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነው። አባታችን ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር፤ እኔ ሸክላ እሠራለሁ። ሥራችን በአገሩ ሁሉ ይፈለጋል፤ እኛ ግን አንፈለግም። ገበሬው የደነዘ ማረሻውን ይዞ ሲመጣ ደጅ ቆሞ ይጣራል እንጂ አይገባም። ልጅ ሲታመምበት ቡዳ በላው ይልና ወደኛ ቤት ያያል። ድግስ ሲኖር አንጠራም፤ ብንጠራም ምግቡን በኮባ ቅጠል አድርገው ለብቻችን ይሰጡናል። ከሰው መሶብ እጃችን አይገባም። ቅጠል የሆነበት ምክንያትም ይገባኛል፤ በልተን ስንጨርስ የሚጣል ነገር መሆን አለበት። ይኸንን እንኳ የሚያደርጉልን ደግ የሚባሉት ናቸው እንግዲህ።

ደርግ ሲመጣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ብሎ መስደብ ተከለከለ፤ መሬትም ደረሰን። ለመሬቱ ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም፣ የሆነውንም አልክድም። ስድቡ ግን ከአፍ ወጥቶ ዓይን ውስጥ ገባ እንጂ የትም አልሄደም።

ሞላ በአባታችን ወናፍ ሥር አደገ። ቻይናዎቹ የወረታን መንገድ ወደኛ ሲያወጡ ብረት የሚያውቅ ሰው ፈልገው ነበርና ሄዶ ተቀጠረ። እዚያ የመኪና ባሌስትራ ማጠፍ፣ ጎማ የሚዞርበትን ኩሽኔታ መቀየር፣ ጥርስ ከጥርስ እንዴት እንደሚገጥም ማየት ተማረ። እሱ ቋንቋቸውን አያውቅ፣ እነሱ ቋንቋውን አያውቁ፤ በእጅ ነበር የሚግባቡት። ለእረፍት ሲመጣ ስለ መኪናዎቹ ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከአንድ ድስት አብረውት እንደሚበሉ ነገረኝ። ማን መሆንህን የነገራቸው ስለሌለ ነዋ አልሁት። እሱ ሳቀ። እኔ ግን አላሳቀኝም።

ዘውገ ደግሞ የቄስ እሸቴ ልጅ ነው። አባቱ ለቤተ ክርስቲያን አስበውት ዳዊት አስደግመው፣ ድቁና አስቀብለው ነበር። እሱ ግን ባሕር ዳር ወርዶ ፋብሪካ ገባ። ክር በሚፈትሉት መኪናዎች ሥር እየተንፏቀቀ የኤሌክትሪክ ሥራ ለመደ። ቄስ እሸቴ የካህን ልጅ ቅባት ለባሽ ሆነብኝ ብለው አዝነው ነበር ይባላል። ብዙ ዓመት ሠርቶ ሲመለስ አገሬው ስኳር ይዞልን መጣ ብሎ ሲጠብቅ፣ በጆንያ ቋጥሮ ያመጣው ከተገለበጠ መኪና የወጣ ዲናሞ ነው።

ያንን ጆንያ ተሸክሞ በቀጥታ የመጣው እኛ ቤት ነው። እንደ ሌላው ሰው ደጅ ቆሞ አልተጣራም፤ ጎንበስ ብሎ ገባ። አባታችን ያን ጊዜ ሞቷል፤ ሞላም ከመንገድ ሥራው ተመልሶ ወናፉን ይዞታል። ዘውገ ዲናሞውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሐሳቡን ነገረው። ያን ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። የገበሬ ማኅበሩም ሬዲዮ፣ የጠላ ቤቱም ቴፕ ዝም ብሎ አቧራ ይጠጣል። መብራት ከከተማው አልፎ አይሄድም። የመኪና ባትሪ ያለውም ሲያልቅበት አህያ ጭኖ ሩቅ አገር መውረድ አለበት። ዘውገ ውኃ ዲናሞውን ያዞረዋል፣ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላዋል፣ ባትሪው ሬዲዮውን ያናግረዋል አለ። እኔ የባሕር ዳር ንዳድ ያስለፈለፈው መሰለኝ። ሞላ ግን ዲናሞውን በጉልበቱ መሃል አድርጎ ወዲህና ወዲያ ሲያሽከረክረው አመሸ።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ዘውገ ባሕር ዳር ያጠራቀመውን፣ ሞላ ከቻይናዎቹ ያገኘውን አዋጡ፤ ሲያዋጡም ሲማከሩም አየሁ፤ ትርፉም ኪሳራውም እኩል ተባባሉ።

ከቤታችን በታች ባለው ወንዝ የተከሉት የመጀመሪያው መንኮራኩር ከእንጨት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ነጥቆ ወሰደው። ሁለተኛውን ሞላ በብረት አጠናክሮ ሠራው፤ ዞረ፤ ዲናሞው ግን በዚያ ዝግታ አይነሣም። ዘውገ ይኸን ያህል ፍጥነት ያስፈልገኛል ብሎ ጣቱን አየር ላይ ያሽከረክራል። ሞላ ጣቱን ያየዋል፤ ከዚያ ሄዶ ትልቁን ክብ ከትንሹ ክብ በቺንጋ ጠፍር አገናኝቶ ይመጣል። ቺንጋው ሲረጥብ ይንሸራተታል። ዘውገ ሽቦ ያቃጥላል፣ አውጥቶ እንደገና ይጠቀልላል። ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብትሉኝ አላውቅም። አንዱ ያለ ሌላው ወንዝ ዳር የቆመ ሞኝ ነበር። እኔ የሁለቱንም ንጭንጭ ስሰማ ነው የከረምሁት።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ዘውገ ምሳውን የሚበላው እኛ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ለእሱ ለብቻው ላቀርብለት ሌላ ዕቃ ሳነሳ አየኝና፣ ምነው ፈንታዬ፣ በሽተኛ ነኝ እንዴ አለኝ። ከሞላ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። አጉርሶትም አየሁ። ዞር ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። ስለ ዘውገ ክፉ ስናገር ይኸንን መካድ ስለማልችል ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ጨርሶ ክፉ ሰው ቢሆንማ ምን ቸገረኝ።

አምፖሉ የበራ ቀን ቀትር ላይ ነበርና ብርሃኑ በደንብ አልታየም። ሞላ ነጠላዬን ከትከሻዬ ነጥቆ አምፖሉ ላይ ጣለውና ከሥሩ ገባ። ዘውገም ተከትሎት ገባ። ሁለቱ ትልልቅ ወንዶች በነጠላዬ ተሸፍነው ቀሩ። በመጨረሻ ሞላ፣ እታለም ነይ እይ አለኝ። ገብቼ አየሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ዘውገ ከተማ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ያዘና ባትሪ መቀበል ጀመረ። ባትሪዎቹ በአህያ ወደ ወንዙ ይመጣሉ፤ ሲሞሉ ይመለሳሉ። የጠላ ቤቶቹ ቴፕ ተናገረ። ሾፌሮች ሰሙ። ከሐሙሲትም ከይፋግም ሰው ባትሪ ጭኖ ይመጣ ጀመር። ዘውገ ለገበሬ ማኅበሮች አምፖልና ሽቦ እየገጠመ፣ ሲበላሽ እየሄደ እየጠገነ፣ ሥራው ሰፋ። ሰዉ የዘውገ መብራት ብሎ ጠራው። ከየት አመጣኸው ሲሉት ከባሕር ዳር ይላቸዋል። ዲናሞው እውነትም ከባሕር ዳር ነው፤ ስለ መንኮራኩሩ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። ቀጥቃጭ የነካው ነገር ነው ከተባለ ማንም ባትሪውን እንደማይሰጠው ያውቃል። እኔ ስቆጣ ሞላ፣ ይበሉ፣ ዋናው መዞሩ ነው ይለኝ ነበር። አንተ አህያ ነህ ልበልህ፣ ሁልጊዜ የሚጫንብህ አልሁት።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ቄስ እሸቴ የሚያገለግሉበት ደብር ለማኅሌቱ መብራት እንዲገባለት ጠየቀ። ለዚያ የሚሆን ትልቅ መንኮራኩር ተሠራ። ሞላ ከከሰሉ አጠገብ ስንት ጊዜ እንደነጋበት እኔ አውቃለሁ፤ ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ጊዜ ነው። መንኮራኩሩ ሲተከል ወንዙ ዳር ዳስ ተጣለ፤ የዘውገ እናት ደገሱ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ካህናቱ፣ የከተማው ሰው መጣ። ጓድ ደሳለኝ የሚባለው ካድሬም መጣ። ይኸ ደሳለኝ የሩቅ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከማዶው ሰፈር የገብስ ገበሬ ልጅ ነው።

ቄስ እሸቴ ጸሎት አደረጉ። ውኃው ተለቀቀ፤ መንኮራኩሩ ዞረ፤ እልል ተባለ። ከዚያ መሶቦቹ ተከፈቱና ሰዉ በየመሶቡ ዙሪያ ተቀመጠ። ሞላ መንኮራኩሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ኩሽኔታው እንዳይግል ቅባት እያጠጣ። እኔ አጠገቡ ነበርሁ። ዘውገ ከዳሱ ወጥቶ ወደኛ መጣ። በሁለት እጁ የያዘው የኮባ ቅጠል ነው።

ብዙ ሥጋ አድርጎበታል። ሌላ ሰው አልላከም፤ ራሱ ነው ይዞ የመጣው፤ አንገቱን ደፍቶ። ራሱ ስላመጣው ክብር የሰጠው መስሎታል። ወይ ሞኝነት። የእኛ አገር ሰው ሲፈራ ስህተቱን እንኳ በትሕትና ነው የሚሠራው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሞላ፣ ሰው ሁሉ አለ፤ እናቴም አለች። ዛሬን ብቻ እለፈኝ" አለው።

ሞላ እጁን በሣር ጠረገና ተቀበለው። እሺ አለ። ከመንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላ፤ አንድም ሳያስቀር በላው። ቢወረውረው እኔም ቀለል ባለኝ። ዳሱ ውስጥ ደሳለኝ ቆሞ ስለ ጓድ ዘውገ የፈጠራ ሥራ ንግግር ሲያደርግ እኛ ከውጭ ሰማነው።

በማግስቱ ዘውገ እንደ ልማዱ ለምሳ መጣ። ትሪውን አቀረብሁ፤ ሁለቱም ተቀመጡ፤ በሉ። ስለ ትናንቱ ያነሳ የለም። ነገር ግን መጎራረሱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ ቺንጋና ስለ ሽቦ ብቻ ነው የሚያወሩት። ሞላ ዘውገ አንድ ቀን ራሱ ያነሳዋል ብሎ ይጠብቅ እንደነበር አውቃለሁ። ዘውገም ሞላ ረሳው ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር መሰለኝ።

ዓመት ሳይሞላ ከላይ መመሪያ መጣ፤ የእጅ ባለሙያዎች በማኅበር ይደራጁ፣ ተጨቁነው የኖሩት ወደ ፊት ይውጡ ተባለ። ደሳለኝ ለአለቆቹ የሚያሳየው የተጨቆነ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ነው ሞላ ትዝ ያለው። መጀመሪያ ዘውገን ወስደው ቀበሌ አሰሩት። የካህን ልጅ የሰፊውን ሕዝብ ጉልበት በዘበዘ ተባለ። ያን ጊዜ ተራ ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ወደ አውራጃው የተላለፈ ሰው ተመልሶ ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም። እናቱ ስንቅ ይዘው በር ላይ ሲንከራተቱ እያየሁ አልፌያለሁ። ሰላም አላልኋቸውም፤ እሳቸውም ሰላም ብለውኝ አያውቁም።

ከዚያ ደሳለኝ እኛ ቤት መጣ። ደጅ ቆሞ ተጣራ። ሞላ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። ነገሩን ዘረዘረለት፤ ማኅበሩ ይቋቋማል፣ መንገድ ዳር ቤት ይሰጣል፣ ብረት ከመንግሥት ይመጣል፣ ሊቀመንበሩም ሞላ ይሆናል። መንኮራኩሩ በስሙ ይጻፋል። ከሞላ የሚፈለገው በስብሰባ ፊት አንድ ነገር መናገር ነው፤ መንኮራኩሩን የሠራው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ዘውገ ስሙን ደብቆ እንደበዘበዘው፣ በራሱ ሥራ ምረቃም በኮባ ቅጠል እንዳበላው።

ሞላ ዘውገን ምን ታደርጉታላችሁ ብሎ ጠየቀ። እሱን አብዮቱ ያውቃል አለ ደሳለኝ፤ ስብሰባው ሰኞ ነው ብሎ ሄደ።

እኔ ምን እንዳልሁ ልንገራችሁ፤ አላፍርበትም። ተናገር አልሁት። ሐሰት መስክር አልተባልህም። ቅጠሉን አልሰጠህም? ስምህን አልደበቀም? አባታችን ደጅ ቆመው ሲጣሩት እሺ ጌታዬ እያለ ሞተ፤ አንተም እንደዚያ ልትሞት ነው? በእግዜር ደጅ ባይሆን በመንግሥት ደጅ እንኳ አንድ ጊዜ ሰው ሁን አልሁት። ጮኼበታለሁ። ሞላ ወናፉን ሲነፋ ሲነፋ ቆይቶ፣ "እታለም፣ እኔም ተናድጃለሁ። ከአንቺ ይልቅ እኔ ተናድጃለሁ" አለኝ። ሰኞ ምን ሊል እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰኞ የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ዘውገን ከፊት አቁመውታል። ቀበቶውን አስፈትተውት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል፤ ጢሙ አድጓል። ቄስ እሸቴ ከኋላ ከባለቤታቸው ጋር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደሳለኝ ክሱን አነበበ፤ ስለ ቅጠሉ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዚያ ጓድ ሞላ ማሩን ጠራ። በዚያች ከተማ ስሙ ከነአባቱ በአደባባይ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እኔ ልቤ ዘለለ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሞላ ተነሣ። "የተባለው እውነት ነው" አለ። "መንኮራኩሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። በምረቃው ቀን በኮባ ቅጠል በልቻለሁ፤ ያመጣልኝም ዘውገ ነው። አሞኛል። ዛሬም ያመኛል።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ዘውገ አቀርቅሮ ቀረ። ደሳለኝ ተደስቶ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ሞላ ገና አልጨረስሁም አለው።

"ዘውገ እኔ ቤት ከአንድ ትሪ ሁለት ክረምት አብሮኝ በልቷል። ያን ቀን ግን ፈራ። የፈራው እናንተን ነው። ጓድ ደሳለኝ፣ እርስዎም ዳሱ ውስጥ ነበሩ። እኔ ከውጭ ድንጋይ ላይ ስበላ እያዩኝ ከቄስ እሸቴ መሶብ ቆርሰዋል። አሁንም ከዚህ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ከእኔ ጋር አብሮ በልቶ የሚያውቅ ካለ እሱ ይነሣና ዘውገን ይክሰሰው። እኔም እመሰክራለሁ።"

ማንም አልተነሣም። ሁሉም እግሩን ነው የሚያየው። ደሳለኝ ወረቀቱን አገላበጠ፤ የሚፈልገው እዚያ ያለ ይመስል። ቆይቶ ከኋላ የመቋሚያ ድምፅ ተሰማ። ቄስ እሸቴ ናቸው። "ቅጠሉን ያስቆረጥሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ልጄ አባትና እናቱን ሰምቶ ነው። መታሰር ያለበት ካለ እኔ ልታሰር።" አጠገባቸው ባለቤታቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ደሳለኝ ምን ያድርግ? ሽማግሌ ቄስ በሕዝብ ፊት ቢያስር አገሩ ይነሣበታል፤ የሞላንም ቃል ለአለቆቹ እንዳለ ቢጽፍ ራሱ ዳሱ ውስጥ ይገኛል። ጉዳዩ ይጣራል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ዘውገ ከቀናት በኋላ ተፈታ። ለሞላ ተስፋ የተሰጠው ቤት ቀረ፣ ብረቱም ቀረ፣ ማኅበሩም ለሌላ ተሰጠ። ሞላን ከዚያ ወዲያ ጓድ ብሎ የጠራው የለም።

ዘውገ በተፈታ ቀን ሞላ የቀበሌው በር ላይ ጠበቀው፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። ዘውገ ሲያየው ጉልበቱ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ሞላ ክንዱን ይዞ አቆመው።

"ከእስር አስፈታሁህ እንጂ ይቅር አላልሁህም" አለው። "ከእንግዲህ አብረን አንሠራም። ዲናሞውም መንኮራኩሩም ያንተ ይሁን፤ እኔ አልፈልገውም።"

ዘውገ አለቀሰ። ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያለቅስ ደስ አይልም። እንባውን ጠርጎ፣ "እንግዲህ ባትሪ ይዞ ለሚመጣው ሰው ምን ልበለው?" አለ።

"ማን እንደሠራው ንገረው" አለው ሞላ፤ ዞሮም መንገዱን ቀጠለ።

እኔ የምፈልገው ይኸንን ነበር አይደል? ዘውገ ተዋርዶ፣ ወንድሜ ቀና ብሎ ሲሄድ ማየት። መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ሄድሁ። ሞላ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ቤት ሲደርስ ወናፉን አነሣና ማረሻ መቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ያ ቻይናዎቹ ዘንድ የተማረው ሁሉ፣ ያ ጥርስና ቺንጋ፣ በእጁ ውስጥ ሞቶ ተቀመጠ። በወንዙ በኩል ሲያልፍ ጆሮውን ወደዚያ ያዘነብላል። አንድ ቀን ኩሽኔታው ቅባት አጥቷል፣ ይጮኻል አለኝ። ታዲያ ሂዳ ስለው ምናገባኝ አለ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። የሐሙሲቷ የሺ እንስራ ልትገዛ መጣች። የሺ ጎበዝ ጠላ ጠማቂ ናት፤ ምላሷም ስለታም ነው። አህያዋ ላይ የመኪና ባትሪ ጭናለች፤ እሱን አውርዳ ደጃችን አስቀመጠችና እንስራ እያንኳኳች ትመርጥ ጀመር። እየመረጠች ታማርራለች። ልጅዋን ልትድር ነው፣ ቴፑን ለሠርጉ ልታናግር ባትሪውን ይዛ ዘውገ ዘንድ ሄዳ ነበር። ይኸ ሰው አብዷል አለችኝ። ባትሪ ከመቀበሉ በፊት የመጣውን ሰው ሁሉ ያስቆማል። ይኸን መንኮራኩር የሠራው ሞላ ማሩ ነው ይላል፤ የቀጥቃጩ የማሩ ልጅ፤ እኔ ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ በልቻለሁ፤ ይኸን ሰምታችሁ ከሰጣችሁኝ እቀበላለሁ ይላል። ሰዉ ይኸን ሲሰማ ባትሪውን እየተሸከመ ይመለሳል። ክፍሉ ባዶ ነው። እናቱ እንኳ ዕቃ ለይተውበታል፣ ቤቱ ሲሄድ ለብቻው ነው የሚሰጡት ይባላል። እኔም ነገሩ ቢከብደኝ ይዤ ተመለስሁ አለችኝ።

ለማን እንደምታወራ ዘንግታዋለች፤ ወይም እንስራ ሻጭ ጆሮ የላትም ብላ ነው። መልስ ሳልሰጣት የወናፉ ድምፅ ቆመ። ሞላ እጁ ከሰል እንደሆነ ወጣ። የሺ ስታየው ደነገጠችና እንስራውን ያዝ አደረገች።

"ስሜን ከነአባቴ ጠራው?" አላት።

ጠራው አለች።

"የተመለሰው ሰው ብዙ ነው?"

ብዙ ነው አለች።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁ። ፊቱን አየሁ፤ ደስታ አይደለም። ደጃፉ ላይ ወደተቀመጠው ባትሪ ሄዶ ቁጢጥ አለ፤ የባትሪውን ጭንቅላት በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገው።

"ይኸ ሰው ሥራችንን ሊገድለው ነው" አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ ለየሺ፣ እኅቴ፣ ይኸን ባትሪ ትሰጪኛለሽ ወይስ ይዘሽው ትሄጃለሽ አላት። የሺ መጀመሪያ እጁን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤ ከዚያ ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን መንገድ አየች። አልቸኮለችም፤ እኔም አላገዝኋት።

"ለልጄ ሠርግ ይደርስልኛል?" አለችው በመጨረሻ።

"እኔና ዘውገ ሁለታችንም ከገባንበት ይደርሳል" አለ ሞላ፤ ባትሪውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ወረደ።